ወራሪ የባሕር አረምን ለማጥፋት ገንዘቡ በጊዜ ይለቀቅ

ለአዘጋጁ፦

ወራሪ የባሕር አረምን ከጠረፍ ውኃ የማስወገዱን ወጪ መንግሥት ሳይሆን በባሕሩ የሚጠቀሙ ድርጅቶች ይሸፍኑ የሚለውን ጽሑፋችሁን አንብቤ አልተስማማሁበትም።

ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለው የአኳሪየም አልጌ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ ጠረፍ ሲታይ የሸፈነው አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዓመታት በክርክር አልፈው በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ከያዘ በኋላ ግን ከሜዲትራኒያን የማጥፋቱ ተስፋ ተሟጠጠ። ይኸው አልጌ በ2000 በካሊፎርኒያ አጉዋ ሄዲዮንዳ በተባለ የባሕር ወሽመጥ ሲገኝ፣ ጠላቂዎች በሳምንታት ውስጥ እያንዳንዱን መደብ በፕላስቲክ ሸራ ሸፍነው ከሥሩ ክሎሪን ለቀቁበት፤ በ2006ም መጥፋቱ በይፋ ተገለጸ። ወጪው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ብዙ ነው፤ ግን ማብቂያ ያለው ወጪ ነው።

ደግሞስ ከመልሕቅ ወይም ከመረብ ጋር ተጣብቃ የሄደች ቁራጭ ሌላ ቦታ ስለምትበቅል፣ አንዱ ድርጅት ያጸዳውን የጎረቤቱ ቸልተኝነት ያበላሸዋል።

ስለዚህ የጠረፍ አገሮች ከዓመታዊ በጀታቸው የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ አስቀድመው ይመድቡ፤ አረሙ መገኘቱ በባለሙያ በተረጋገጠ በ30 ቀናት ውስጥም ገንዘቡ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ይለቀቅ፤ ከፊሉም በአኳሪየም ዕፅዋት ሽያጭ ላይ ከሚጣል ቀረጥ ይሸፈን።

አንድ አንባቢ