የታሪክ ክበብ ዘንድሮ፦ «ማታ ሜዳው በማን እጅ ነበር?»

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ የከረመው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንና ሶቭየት ኅብረት ሲዋጉ ስንት ስንት ታንክ አጡ? «ይሄ ለኛ ልጆች ምን ያደርግላቸዋል?» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። እስቲ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

መስከረምና ጥቅምት በምዝገባና በኮሚቴ ምርጫ አለቁ፤ ልለፋቸው። ሥራው የተጀመረው ከፕሮኾሮቭካ ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1935 ዓ.ም. በሩሲያ ምድር በተደረገው በኩርስክ ውጊያ መሀል፣ የሶቭየት 5ኛ የክብር ዘብ ታንክ ጦርና የጀርመን ኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ የራሱ ጦር) ታንከኞች የተላተሙበት ቦታ። የሶቭየት መጻሕፍት ጀርመን በዚያን ቀን ከ350 በላይ ታንክ አጣች ሲሉ ኖረዋል። በጀርመን ሰነድ ግን ጨርሰው የወደሙት በጣም ጥቂት ናቸው። የሶቭየት ኪሳራ ደግሞ ከ200 በላይ ነው። ልጆቹ ሁለት ጎራ ሆነው «ማን ነው የዋሸው?» እያሉ ሁለት ሳምንት ተከራከሩ።

የአንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን አያት በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የታንክ መካኒክ ነበሩ። ጥር ላይ 14 ልጆች ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ልጅቷ ቁጥሮቹን ከደብተሯ አነበበችላቸው። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ናት። አባባ ዝም ብለው ሰሙና «ማታ ሜዳው በማን እጅ ነበር?» አሉ። «በጀርመን» አለች። ረከቦቱን ሳብ አደረጉና ሲኒዎቹን አሰለፉ። ሁለቱን በጎናቸው አስተኝተው «ሰንሰለቱ የተበጠሰ ታንክ ከተጎተተ ይጠገናል፣ ተመልሶ ይዋጋል። ሜዳውን የለቀቀ ግን ያንኑ ታንክ ጥሎት ነው የሚሄደው» አሉን። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀቻቸው፤ እኔ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስኒዎቹን አያለሁ።

በሳምንቱ ሠንጠረዣችንን አፍርሳ «ተመታ፣ ተጠገነ፣ ወደመ» ብላ በሦስት ዓምድ ሠራችው። ቀጥላም ሌላ ነገር አገኘች። ጀርመኖች በነሐሴ ከዩክሬኗ ከተማ ከካርኮቭ ሲያፈገፍጉ ያልተጠገኑ ታንኮች ጥለው ሄደዋል፤ ስለዚህ ሐምሌ ላይ «ተመታ» ተብሎ የተመዘገበው በኋላ «ወደመ» ሆነ። የአንድ ቀን ዘገባ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያገኘውም። ይህን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም፤ ራሷ ነች ያየችው።

የከሸፈም አለ። በ31 አባላት ጀምረን በ17 ጨረስን። የግንቦቱ ዐውደ ርዕይ መብራት ጠፍቶ ተሰረዘ። ካርታችን ፎቶ ኮፒ የተደረጉ ወረቀቶች ተለጣጥፈው የተሠራ ነው፤ ኮምፒውተር የምናገኘውም በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። ለስፖርት ክበብ ማሊያ ሲገዛ ከልባችን ደስ ብሎናል። ለእኛም አንድ ትልቅ ካርታና ለአንድ ጉዞ የሚበቃ የትራንስፖርት ገንዘብ ቢመደብልን እላለሁ። ወላጆችም መርዳት ትችላላችሁ፤ ቤታችሁ የድሮ ወታደር ካለ ንገሩን፣ እኛው እንመጣለን።

ልጅቷ ለከርሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1941ን ልትሠራ ተመዝግባለች። በዚያ ዓመት ብቻ ሶቭየት 20,500 ታንክ አጥታለች። ስንቱ በውጊያ ተመታ፣ ስንቱ ነዳጅ አልቆበት ወይም ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቀረ? ጥያቄው ከአሁኑ ደብተሯ ላይ ተጽፏል።