ቮልስን ከመውቀሳችን በፊት የጎማዋን ንፋስ እንለካ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የአሮጌ መኪና ወዳጆች በተገናኘን ቁጥር ቮልስዋገን፣ ፔጆ 404፣ ፊያት 124 እና ላዳ እየተነሱ ከእነዚህ በመንገድ አያያዙ የትኛው ይበልጣል የሚል ክርክር አይቀርም። ክርክሩን እወደዋለሁ። ሆኖም በቅርብ ጊዜ የምሰማው ፍርድ በአብዛኛው ቮልስን የሚጎዳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የምትወቀሰውም በራሷ ጥፋት ሳይሆን እኛ ባለቤቶቿ በምናጠፋው በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

አባቴ በ1959 ዓ.ም. የገዛት ቮልስ 1300 ዛሬም በእጄ ናት። መንዳት የተማርኩት ግን በአጎቴ ፔጆ 404 ነው፤ ወንድሜ በላዳ ታክሲ ይሠራ በነበረበት ዘመን ደግሞ እርሱ በሚያርፍባቸው ቀናት እኔ እነዳለት ነበር። የምናገረው እንግዲህ ሦስቱንም በየመንገዱ ነድቼ ካየሁት ነው።

በረጅም መንገድ፣ በተለይም አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር፣ ፔጆ 404ን የሚያህል አላየሁም። ሞላው ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ ጉድጓዱን ውጦ ያልፋል፤ ተሳፋሪውም ከሰዓታት ጉዞ በኋላ ወገቡን ሳያመው ይወርዳል። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው በዚህ ጠባዩ ነው። ከእርሱ በፊት በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያንኑ ውድድር ያሸነፈችው ቮልስ መሆኗን ግን ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ አያነሱትም። ፊያት 124 በአስፋልት ላይ መታጠፊያ ሲበዛ ከሁሉም ይቀላል፤ አራቱም ጎማዎቹ ዲስክ ፍሬን ስላላቸው በቁልቁለት ይታመናል። ላዳ መልኩ የፊያት ይሁን እንጂ የሶቪየት መሐንዲሶች ለራሳቸው መንገድ እንዲስማማ ላሜራውን አወፍረውታል፣ ከመሬት ከፍ አድርገውታል፣ የኋላውን ዲስክም በታምቡር ለውጠውታል፤ ስለዚህ መሪው ከበድ ይላል፣ ጥንካሬው ግን የአዲስ አበባን ጉድጓድ ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት ችሏል።

ወደ ቮልስ ልምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሁሉ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። የኔዋም ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት 40 የፈረስ ጉልበት፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ስትወጣ 30 እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የራዲያተር ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ መኪና ዳገቱ መሃል ላይ እንፋሎት እየተፋ ሲቆም፣ በአየር የምትቀዘቅዘው ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመች አልፋው ትሄዳለች። ሞተሯ ከኋላ፣ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጠ በክረምት ጭቃ ላይ የሚያህላት ትንሽ መኪና የለም። መሪዋ ያለ ምንም አጋዥ በሁለት ጣት ይዞራል፤ የመንገዱን እያንዳንዱን ድንጋይም ለእጅ ይናገራል። እኔ የአሮጌ መኪና ውበት የምለው ይህንን ነው።

ወቀሳው ታዲያ «ቮልስ መታጠፊያ ላይ ኋላዋን ትጥላለች» የሚል ነው። እውነትነት አለው። እንደ እኔዋ ያሉት ሞዴሎች የኋላ አክስላቸው የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ አሽከርካሪው መታጠፊያ መሃል ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ላይ በድንገት ሲያነሳ የመኪናዋ ኋላ ብድግ ይላል፤ ጎማዎቹም ከሥራቸው ወደ ውስጥ ያጋድሉና መሬቱን በጠርዛቸው ብቻ ይይዙታል። ፋብሪካው ይህን ያውቅ ነበር። የመኪናዋ መመሪያ ለዚያ ዘመን ጎማ ከፊት 16፣ ከኋላ 24 ፒኤስአይ ገደማ እንዲሞላ ያዘዘው ለዚሁ ነው፤ የፊቱ ለስለስ ካለ ቀድሞ የሚንሸራተተው ፊቷ ይሆናል፣ አሽከርካሪውም ኋላዋ ሳይከዳው በፊት በመሪው ላይ ተሰምቶት ቀስ ለማለት ጊዜ ያገኛል።

ጎሚስታ ዘንድ ስንሄድ ግን አራቱም ጎማዎች እኩል 30 ይሞላሉ፤ እኛም ዝም ብለን እንከፍላለን። በአንድ ሐምሌ ቀን እንዲህ አስሞልቼ ከእንጦጦ ስወርድ መኪናዬ በእርጥቡ አስፋልት ላይ ግማሽ ዙር ዞራ ወደ ወጣሁበት አቅጣጫ ቆመች። ከኋላዬ የሚመጣ መኪና ባለመኖሩ ተርፌአለሁ። በማግስቱ አክስሉ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ የወሰድኩላቸው አዛውንት መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ የንፋስ መለኪያቸውን አውጥተው ከጎማዎቹ ጀመሩ፤ ሌላ የሚጠገን ነገርም አልተገኘም።

አሁን የሚታየው ልማድ ችግሩን ያባብሰዋል። ቮልስን አሳምረን እናድሳለን ብለው ሰፋፊ ቸርኬና ጎማ የሚገጥሙላት፣ ሞላዋን አላልተው ወደ መሬት የሚያወርዷት ወጣቶች ለመኪናዋ ያላቸው ፍቅር እውነተኛ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ እንዲያ የሆነች ቮልስ መሪዋ ይከብዳል፣ ጉድጓድ ላይ ሆዷ ይመታል፤ ነድቷት «አሮጌ መኪና አይነዳም» ብሎ የወረደ ሰው ቮልስን ነዳ ማለት አይቻልም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን አሮጌ መኪኖች ተተኪ የላቸውም። ልኩን የሚያውቁት መካኒኮችም አርጅተዋል። ስለዚህ ጋዜጣችሁ እነዚህን ባለሙያዎች ጋብዞ የየሞዴሉን የጎማ ንፋስ፣ የቫልቭ ክፍተትና የፊት እግር አስተካከል በተከታታይ እንዲያሳትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የቮልስ ባለቤቶችም እስከዚያው ድረስ ነገ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ንፋሱን ይለኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቮልስ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ