ግልጽ ደብዳቤ፦ የአዋላጇ ፎቶ ለምን ወረደ?

ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ከትምህርት ቤታችን የክብር ግድግዳ ላይ ስለወረዱ አራት ፎቶዎች

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ መጻፍ ነበር የምፈልገው። ጽፌም ነበር። ሁለት ጊዜ በመዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጄ ላይ አለ። አራት ጊዜ ደግሞ ቢሮዎ ድረስ መጥቻለሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። አንዴ መስክ ወጥተዋል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ቅሬታ ሰሚ ጋ ሂጂ ተባልኩ፤ ሄድኩ። እሳቸውም "ኃላፊው የወሰኑትን እኔ ምን ላደርገው እችላለሁ?" አሉኝ። በአራተኛው ቀን ጸሐፊዎ "እህቴ፣ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል መመላለስ?" አለችኝ።

አዎ። ለአንድ ፎቶ ነው።

እኛ በ1987 ዓ.ም. ማትሪክ የወሰድን የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ነን። ብዙዎቻችን ተወልደን ያደግነው ፒያሳና አካባቢዋ ነው። ባለፈው ዓመት በቴሌግራም ተፈላልገን ተገናኘን፤ ብርም አዋጣን። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ቀለም ቀብተን፣ ከዚያ ግቢ ወጥተው ለሰው የተረፉ 12 ሰዎችን ፎቶ ከአጭር ታሪካቸው ጋር መስቀል። "የክብር ግድግዳ" አልነው።

ማን ይሰቀል የሚለውን በስሜት አልወሰንነውም። መስፈርት አወጣን። ሰውየው ወይም ሴትየዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያ መጨረስ አለባቸው፤ ይህም በሮስተር ይረጋገጣል። ከጨረሱ ቢያንስ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ይገባል። ሥራቸው ከቤተሰባቸው አልፎ ሌላ ሰው የጠቀመ መሆን አለበት። አሁን ሥልጣን ላይ ያለ ሰው አይሰቀልም። ለግድግዳው ገንዘብ የሰጠ ሰውም አይሰቀልም። በዚህ ላይ ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራን፣ የወላጆች ተወካይና የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ተወካይ ተስማምተው ፈረሙ። ቃለ ጉባኤው አለ። ስለዚህ ደንቡን አላውቅም ሊሉኝ አይችሉም።

ከአሥራ ሁለቱ አንዷ የክፍል ጓደኛችን ነበረች። አዋላጅ ነርስ ነበረች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ እናቷ "ስሟ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ይነበብ" ስላሉኝ ነው። ስትመረቅ የተመደበችበት ጤና ጣቢያ መኪና የማይገባበት ነበር። ሁለትና ሦስት ዓመት ሠርታ ወደ አዲስ አበባ መዛወር ትችል ነበር፤ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እሷ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ቆየች። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ይዘው ሲመጡ ሌሊት ባትሪ ይዛ መንገድ ላይ ትቀበላቸው ነበር። አንዴ ለዓመት በዓል መጥታ፣ ዶሮው ምድጃ ላይ እያለ ስልክ ተደውሎላት ተመልሳ ሄዳለች። እኔ ያንን ቀን እዚያ ነበርኩ። እናቷ ሲቆጡ "እማዬ፣ ዶሮው ይደርሳል፤ ልጁ ግን አይጠብቅም" ነበር ያለቻቸው። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት።

ግድግዳው የተመረቀው ቅዳሜ ዕለት ነው። ዓርብ ከሰዓት አሥራ ሁለቱም ፎቶዎች ተሰቅለው አይቼ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ አራቱ ተቀይረዋል። በቦታቸው ለሴራሚኩና ለቀለሙ ብር የሰጡ ሁለት ነጋዴዎች ተሰቅለዋል። አንድ ዛሬም ወንበር ላይ ያሉ ባለሥልጣን ተሰቅለዋል። አራተኛውን ሰው ሮስተር ላይ ፈለግኳቸው፤ እኛ ጋ የተማሩት የዘጠነኛ ክፍልን የመጀመሪያ ሴሚስተር ብቻ ነው። ከወረዱት መካከል ዕድሜ ልካቸውን እዚያው ፊዚክስ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር አሉ። አዋላጇ አለች።

እናቷ 78 ዓመታቸው ነው። የኖሩት ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እሳቸውም ተነስተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ያን ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ቀይረው መጡ። የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። "ልጄን ላሳይሽ" ብለው አዲሷን ጎረቤታቸውን አስከትለዋል። ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው ቀስ እያሉ አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ በነጠላቸው ጠረጉት፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ የት ጋ ነው ያደረጋችኋት?" አሉኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ እርስዎ ያኔ መድረኩ ላይ ንግግር እያደረጉ ነበር። እኔ ፎቶውን ፍለጋ በየክፍሉ ዞርኩ። ያገኘሁት ስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው፤ ከኳስ መረብ ጋር መሬት ላይ ተደግፎ። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። እናቷ አላለቀሱም። በነጠላቸው ጠቀለሉት፣ በሁለት እጃቸው አቀፉት፣ ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው።

ምክንያቱን ስጠይቅ በቃል የተሰጠኝ መልስ ይህ ነበር፦ "ታዋቂ አይደለችም። ተማሪዎቹ የሚያውቁት ሰው ይሻላል።"

ተማሪዎቹ የሚያውቁትን ሰው ለማሳወቅ ግድግዳ ምን ያደርጋል? የማያውቁትን እንዲያውቁ ነው እንጂ የሰቀልነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማን ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሥር ውሃው ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ቀንድ አውጣዎቹን በእንዶድ ገድሎ በሽታውን የመከላከል ሥራው ከዚያ ተነሳ። አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ከሥራ ባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተቀበለው ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። መሀል ላይ 25 ዓመት አለ። በእርስዎ ጽሕፈት ቤት መለኪያ ቢሆን በእነዚያ ዓመታት ፎቶው ስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ሌላም አለ። መጀመሪያ ከመረጥናቸው 12 ሰዎች አራቱ ሴቶች ነበሩ። አሁን ሁለት ቀርተዋል። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ስድስት ኪሎ ላይ፣ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ለሴት ልጆች የተከፈተ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ያንን ትምህርት ቤት መርተዋል። ከዚያ በፊት በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ፤ ተማርከውም ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ሠፈራችን እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያለው ነው። ዛሬ እኛ ግቢ የምትማር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በዚያ መተላለፊያ ስታልፍ፣ ከእሷ ወንበር ተነስታ ሺህ እናቶችን የደገፈች ሴት ነበረች ብላ ማንበብ ነበረባት። አሁን የምታነበው ሴራሚኩን ማን እንደገዛው ነው።

ብር የሰጡት ሰዎች ላይ ቂም የለኝም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስማቸው በር ላይ በጥሩ ሰሌዳ ተጽፎ ይመስገኑ፤ ብንጠየቅ እኛው እናሠራዋለን። ያ ምስጋና ነው። ግድግዳው ግን ለሌላ ነገር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 የተመረቀው የታላላቅ አሜሪካውያን የክብር አዳራሽ እንኳን፣ አንድ ሰው ለመግባት ከሞተ ቢያንስ አሥር ዓመት እንዲሞላው ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ይህን ወደ 25 ዓመት ከፍ አደረጉት። ጊዜ ይፍረድ ማለታቸው ነው። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ይቆይ ብቻ ነው ያልነው። እርስዎ ያንንም በአንድ ሌሊት ሻሩት።

ስለ ሠፈሩም አንድ ነገር ልበል። የፈረሰው ፈርሷል፤ እዚህ የምከራከረው ስለሱ አይደለም። ግን እኛ ያደግንባቸው ቤቶች የሉም። የአዋላጇ ቤት የለም። ማትሪክ ያጠናንበት በረንዳ የለም። በዚያ አካባቢ እሷ ነበረች የሚል የቀረ ነገር ቢኖር ትምህርት ቤቱ ነው፤ ስሟ በሮስተሩ ላይ በመምህራችን እጅ ተጽፎ አለ፤ አማካይ ውጤቷም አለ። እናቷ ሁለት ታክሲ ቀይረው የመጡት ለዚያ ነበር።

የምጠይቅዎት ትንሽ ነው። ያለ ቃለ ጉባኤ የተሰቀሉት አራት ፎቶዎች ይውረዱ፤ የወረዱት አራቱ ይመለሱ። ማን እንዳወረዳቸውና በማን ትዕዛዝ እንደሆነ በጽሑፍ ይነገረን። እናቷንም ይቅርታ ይጠይቁ፤ እርስዎ ራስዎ እንጂ ተወካይ ልከው አይደለም።

መስታወቱን አስቀይረነዋል። ፎቶው አሁን እናቷ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በነጠላው እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። ግድግዳ ላይ ስቀይልኝ አላሉኝም፤ ቦታው እዚያ አይደለም ይላሉ። ቢደውሉላቸው በማግስቱ ይዘውት ይመጣሉ። ስልክ ቁጥራቸው በሁለተኛው ደብዳቤዬ ግርጌ ተጽፎ መዝገብ ቤታችሁ ውስጥ አለ።

ከ1987 ዓ.ም. ተማሪዎች አንዷ