የሕክምና ቆሻሻ አመድ የት ይደፋ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሕክምና ቆሻሻ ሲቃጠል ሰው የሚያማርረው በጭሱ ነው፤ ስለ አመዱ የሚጠይቅ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አመዱ ነው።

ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ቱቦና የደም ከረጢት ክሎሪን አለባቸው። ምድጃው 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ፣ ጭሱም ከ450 እስከ 200 ዲግሪ ባለው መካከል ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ፣ ዳይኦክሲንና ፉራን የሚባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ተፈጥረው አመዱ ላይ ይጣበቃሉ። እርሳስና ካድሚየም የሚባሉትን መርዛማ ብረቶች ደግሞ እሳት አያጠፋቸውም። መርፌ የተቀላቀለበት ይህ አመድ ሜዳ ላይ ከተደፋ፣ በክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወደ አቃቂ ወንዝ ያወርደዋል፤ በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል።

ስለዚህ ፒቪሲ ገና ከሕክምና ክፍሉ ተለይቶ ይውጣ፤ አይቃጠል። ተላላፊው ቆሻሻ በኦቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል መሣሪያ) በ121 ዲግሪ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይታከም። ያለው አመድ ከቀዘቀዘ በኋላ እንዳይቦን ረጠብ ተደርጎ፣ ከወንዝና ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 50 ሜትር በራቀ፣ ወለሉና ግድግዳው በኮንክሪት በተሠራ፣ ክዳን ባለው ጉድጓድ ይቀመጥ።

ከአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ አቃቂ