የዝሆኑን አምባር የምሸጠው እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ሰው ዓሣና የባሕር እንስሳ ሊያይ በሚመጣበት ቦታ፣ መውጫው ላይ ያለው ስጦታ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከቲሸርቱም ከአሻንጉሊቱም በላይ እጄ ላይ የሚያልፍ አንድ ዕቃ ነው፤ ገዢው አንድን የዱር እንስሳ በስልኩ እንዲከታተል የሚያደርግ አምባር። በዲያስፖራ ሻንጣ አዲስ አበባም እየገባ ነው አሉ። «እኛስ ለቀይ ቀበሮ ለምን አንሠራም?» የሚሉ ወጣቶችም ገጥመውኛል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ከመሠራቱ በፊት ግን ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ የሚታየውን ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው። ትናንሽ ክብ ድንጋዮች በላስቲክ ክር ተሰክተዋል፤ መሐላቸው የኤሊ፣ የዝሆን ወይም የሻርክ ምስል አለ። ሳጥኑ ውስጥ ካርድ ይገኛል። ካርዱ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በስልክ ሲያነሱት የአንድ እንስሳ ስም፣ ፎቶና የሄደበትን መንገድ የሚያሳይ ካርታ ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። አምባሩ ውስጥ ምንም መሣሪያ የለም። ይህን የምለው «ቻርጀሩስ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው። መሣሪያው ያለው እንስሳው ላይ ነው። እንስሳውም የገዢው የብቻው አይደለም፤ አንዷን ኤሊ ስንትና ስንት ሰው ነው የሚከታተላት። ልጆች ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቅር ይላቸዋል።

ይህን ንግድ በጣም ያስፋፋው በ2018 የተጀመረው ፋህሎ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ኩባንያው ራሱ እንስሳ አያስርም። ሥራውን ከሚሠሩ ድርጅቶች ጋር ይዋዋላል። ለምሳሌ የዝሆኖቹ ካርታ የሚመጣው «ሴቭ ዘ ኤለፋንትስ» ከተባለው ድርጅት ነው። ይህን ድርጅት ኢየን ዳግላስ ሃሚልተን በ1993 አቋቋሙት። ዋና መስኩ ሰሜን ኬንያ፣ ሳምቡሩ ነው፤ ከእኛ ድንበር ብዙም የማይርቅ አገር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ደስ የሚለው ነገር ያለው አምባሩ ላይ ሳይሆን እዚያ መስኩ ላይ ነው። ዝሆኑ በማደንዘዣ ይተኛል። ተኝቶ ሳለ አንገቱ ላይ ኮላር የሚባል ሰፊ ቀበቶ ይታሰርለታል። ከላይ ጂፒኤሱ አለ፤ ከታች ደግሞ ክብደት ይደረጋል፣ መሣሪያው ወደ ጎን እንዳይዞር። ዝሆኑ ለረጅም ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ተገድሎ ወይም ታሞ ሊሆን ይችላላ። ከዚህም ያለፈ ነገር ተሠርቷል። ኬንያ፣ ኦል ፔጄታ በተባለው ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ኪማኒ የሚባል የገበሬ ማሳ የለመደ ኮርማ ዝሆን ነበር። ኮላሩ ውስጥ የሞባይል ሲም ካርድ ገባለት። ወደ እርሻው ሲጠጋ ለጠባቂዎቹ ቴክስት ይልካል፤ እነሱም በመኪና ሄደው ይመልሱታል። በዚህ መንገድ ዝሆኑም ከጥይት ዳነ፣ ገበሬውም ከራብ። ይህ ሁሉ አምባር የሚባል ነገር ሳይታሰብ የተሠራ ነው። የአምባሩ ነጋዴ የተጨመረው በኋላ፣ ካርታው አንዴ ካለ ለምን ለሰው አናሳየውም በሚል ነው። ይህም ክፋት የለውም።

ኤሊዎቹ ሌላ ጉድ ናቸው። መሣሪያው ጀርባቸው ላይ ይለጠፋል። ኤሊዋ ለመተንፈስ ብቅ ስትል ብቻ ነው ከሳተላይት ጋር የሚገናኘው። ከወራት በኋላ ባትሪው ያልቃል፣ ወይም ማጣበቂያው ይለቅና መሣሪያው ይወድቃል። አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው፣ አምባሩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ «ሞታ ነው አይደል? ንገሪኝ፣ ልጄ ሌሊቱን ሲያለቅስ ነው ያደረው» አሉኝ። ነጥቧ አንድ ቦታ ቆማለች። የቆመው መሣሪያው እንጂ እሷ ላትሆን እንደምትችል ለሕፃን ማስረዳት ቀላል አይደለም። የበረዶ ድቡ ነገር ደግሞ ሁሌ ያስቀኛል። የወንዱ አንገት ከጭንቅላቱ ስለሚወፍር ኮላሩ ሾልኮ ይወድቃል። ስለዚህ ኮላር ታስሮላቸው የሚዞሩት እናቶቹ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ያስገቡኝ አንድ የሐረር ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ገና ሳያቸው አበሻ መሆናቸውን አወቅሁ፤ እሳቸውም አወቁኝ። ሳጥኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣

«የኔ ልጅ፣ ይኼ ዝሆን አሁን የት ነው ያለው?» አሉ።

«ሳምቡሩ ነው አባባ። ሰሜን ኬንያ።»

«ጎረቤታችን ነዋ! የባቢሌውስ የለም?»

«የለም አባባ።»

ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እሺ፣ የዝሆን ሌባው ራሱ ይህን አምባር ቢገዛስ?» አሉኝ።

ብዙ ሰው ዋጋ ይጠይቀኛል፣ ቀለም ይጠይቀኛል። ይህን የጠየቀኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። በ1970 የተከለለው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ምን ሲደርስበት እንደኖረ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ይኸው ነው፦ ጠንቃቃ የሆኑት ካርታውን ሆን ብለው አዘግይተው ነው የሚያሳዩት። ስልኩ ላይ ያለችው ነጥብ ዝሆኑ የነበረበት ቦታ ናት እንጂ አሁን የቆመበት አይደለችም። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ2013 ሕንድ ውስጥ፣ ፓና በተባለው የታይገር ጥብቅ ሥፍራ፣ የአንድ ታይገር ኮላር መረጃ የሚገባበትን ኢሜይል አንድ ያልታወቀ ሰው ሊከፍተው ሞክሮ ሲስተሙ አገደው። ዚምባብዌ ውስጥ ሴሲል የተባለው አንበሳ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ኮላር አንገቱ ላይ እንዳለ ነው በ2015 አንድ አሜሪካዊ አዳኝ የገደለው። ሴሲልን ያስገደለው ኮላሩ አይደለም። አላዳነውም እንጂ።

ስለዚህ መከታተልና መጠበቅ ለየቅል ናቸው። ሳጥኑ ላይ ግን ሁለቱ አንድ መስለው ይታያሉ።

የገንዘቡን ነገር ላንሣ። ስለ አንድ ኩባንያ ብቻ እያወራሁ አይደለም፤ ዛሬ የእንስሳ ምስል ለጥፎ «ለጥበቃ ይውላል» የማይል ዕቃ ጥቂት ነው። አንዳንዱ መቶኛውን ጭራሽ አይጽፍም። አንዳንዱ «ከተጣራ ትርፍ 10 በመቶ» ይላል። ሰው 10 በመቶውን ያያል፣ «ከተጣራ ትርፍ» የምትለዋን ይዘላታል። ለምሳሌ ያህል እናስላው። አምባሩ 18 ዶላር ተሸጠ እንበል። ሱቁ ግማሽ ያህሉን ወሰደ። ከቀረው 9 ዶላር ላይ ዕቃው፣ ሳጥኑ፣ ማጓጓዣው፣ ማስታወቂያውና የሠራተኛው ደሞዝ ወጥቶ 3 ዶላር ተረፈ። የዚህ 10 በመቶ 30 ሳንቲም ነው። ከመሸጫ ዋጋው ላይ 10 በመቶ ቢሆን ግን 1 ዶላር ከ80 ይሆን ነበር። አጻጻፉ ላይ ያለችው ትንሽ ልዩነት ስድስት እጥፍ ታመጣለች።

የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አትስማማም። «30 ሳንቲሙም ቢሆን ካለአምባሩ አይመጣም ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው። ሚሊዮን ጊዜ ሲሸጥ 30 ሳንቲምም ገንዘብ ነው። ሳምቡሩን በስም የማያውቅ ልጅ ዛሬ ዝሆኑን በስሙ እየጠራ ሲወጣ አያለሁ፤ ይህም ዋጋ አለው። እኔ የምለው ሰውየው 18 ዶላር ለዝሆን የሰጠ መስሎት እንዳይሄድ ነው። ጌጥ ገዛ፤ ከጌጡ ላይ ደግሞ ለዝሆን ጥቂት ሄደ። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ የሚቀየም ገዢ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ እኛ ጋ ብቻ ያለ እንስሳ ነው። ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ ነው ያለው። ለአምባር ከዚህ የተሻለ መልክ ከየት ይመጣል? ቀይ፣ ረጅም እግር፣ ሹል አፍ። ይሸጣል፣ አልጠራጠርም።

ግን ቀበሮውን ካርታ ላይ ብናወጣው ምን እናያለን? ባሌ ላይ አንድ የቀበሮ ቤተሰብ የሚኖርባት መሬት 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ነጥቧ እዚያው ስትዞር ነው የምትውለው። እንደ ኤሊ ውቅያኖስ አታቋርጥም። ገዢው በሁለት ሳምንት ይሰለቻል፤ የቀበሮው ቤት የት እንደሆነ ግን ዓለም ሁሉ አወቀ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ባሌ ላይ ቀበሮውን በጅምላ የሚገድለው አዳኝ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ከእረኞች ውሾች የሚመጣ። በ1991፣ በ2003 እና በ2008 በሽታው ገብቶ ፈጅቷቸዋል። በ2003ቱ ወረርሽኝ ባሌ ውስጥ ካለው ከዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ኮላር ቢኖራቸው ኖሮ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ በስልካችን እናይ ነበር እንጂ ሌላ ምን ልናደርግ!

የሚያድናቸው ክትባት ነው። ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየመንደሩ እየዞረ ውሾችን በሺዎች ይከትባል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹም የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይደበቃል። ባለሙያዎቹ በፈረስ ሆነው፣ በሌሊት፣ በዚያ ብርድ እየዞሩ ሥጋውን ይጥሉታል። ይህን ሳነብ ለአምባር የሚሆን ታሪክ ይኸው አልኩ።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው ይህን ነው፦ የካርታው ነጥብ ቀበሮው አይሁን፣ ክትባቱ ይሁን። ገዢው ኮዱን ሲያነሣ «ያንተ አምባር በዚህ መንደር ውሻ አስከትቧል» የሚል ይምጣለት። የውሻው ፎቶ ይኑር። ስሙም ይጻፍ፤ ቡቺም ይሁን ሌላ። ውሻ ሲከተብ እረኛውና ልጆቹም ከእብድ ውሻ በሽታ ይድናሉ። ውሻው የት መንደር እንደሚኖር ቢታወቅ የሚጎዳ የለም። የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹም ይግቡበት። የዚህ ሳምንት የጥበቃ ጉዟቸው ካለፈ በኋላ በካርታ ቢታይ እኔ ከቀበሮው ይልቅ እነሱን እከታተላለሁ።

የግድ ሩቅ የሚጓዝ እንስሳ ከተባለ ደግሞ ጥንብ አንሳ አለን። ከባልካን አገሮች ተነሥቶ፣ ቱርክንና መካከለኛው ምሥራቅን አልፎ፣ የስዌዝን ቦይ ተሻግሮ እኛ ጋ የሚከርም ነጭ ጥንብ አንሳ አለ። ጀርባው ላይ የሳተላይት መሣሪያ የታሰረለት ብዙ ነው። በጉዞው ላይ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ሽፋን የሌለው የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ይዞት ይቀራል። ለምሰሶ መከላከያ የሚገዛ አምባር ቢኖር ጥሩ ነበር። ጥንብ አንሳ እጇ ላይ አንጠልጥላ ሠርግ የምትሄድ ሴት ግን አትታየኝም። ለቀበሮው ይቅደም።

ዶቃውን ከውጭ ማስመጣት የሚያስፈልግም አይመስለኝም። ዶቃ የሚሰካ እጅ ደቡብ ውስጥ ሞልቷል፤ የብር ጌጡን የሚሠራው ፒያሳ አለ።

አዘጋጅ ሆይ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ምርት ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር «አገር በቀል ፈጠራ» ብላችሁ ፎቶውን ከማውጣታችሁ በፊት፣ ከመሸጫ ዋጋው ላይ ስንት ብር፣ ለማን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚገባ ጠይቁልን። መልሱንም አብራችሁ አትሙት። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኑንም እንዲሁ ጠይቁልን፦ ኮላር የታሰረለት እንስሳ የት እንዳለ የሚናገረው መረጃ የማን ነው? ለንግድ ሲሰጥስ ፈቃዱን የሚፈርመው ማን ነው? ካርታው በስንት ቀን ዘግይቶ ነው የሚወጣው? ይህ አሁን፣ ገና አንድም አምባር ሳይሸጥ፣ ቢወሰን ይቀላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የስጦታ ሱቅ ካሸር የሆነች አንባቢያችሁ
ከሜሪላንድ