የአያቶቻችንን ትዝታ ስለመቅዳት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆቻችሁ ስልክ ይዘው አያቶቻቸው አጠገብ ይቀመጣሉ። አገሩ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቀው ድምፅ ይቀዳሉ። ለጌም ነው ብላችሁ ስልኩን እንዳትከለክሏቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ተማሪ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከጥንት ጀምሮ ሐይቃችን ውስጥ የኖረ ይመስለው ነበር። እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበር የማስበው። ቆሮሶው ግን የገባው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሐይቅ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም ቤታችሁ አሉ።

አጠያየቁን አንዲት የሰፈራችን እናት ዘንድ ሄደን ሞክረነዋል። «ጫካው እንዴት ነበር?» ስንላቸው «ደህና ነበር ልጄ» ብለው ዝም አሉ። «እንጨት ከየት ይለቅሙ ነበር?» ስንላቸው ግን ረከቦቱን ገፋ አድርገው ተነሱ። ደጃፍ ቆመው በዱላቸው ያሳዩን ጀመር። ወይራው እዚህ፣ ጥዱ እዚያ፤ ያ ባሕር ዛፍ ያለበት ደግሞ የጥጃ መዋያ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ «የአካባቢ ለውጥ» እያሉ አይጠይቁም። ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር? ምንጩ በስንተኛው ወር ይደርቅ ነበር? እንዲህ ነው የሚሉት።

አደራ የምላችሁ አለ። አያቶች ዓመተ ምሕረት ቢስቱ አታርሟቸው። «የበኩር ልጄን ሳጠባ» ካሉ ይበቃል፤ ቁጥሩን እኛ እንፈልገዋለን። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ደግሞ ልጆቹ ቆስቁሰው እንዲጠይቁ አልፈልግም። ወሎ ውስጥ ያ ቁስል ያልነካው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ራሳቸው ካነሱት ይሰማ። እንባ ከመጣ ቀረጻው ይቁም፤ ልጁ ውሃ አቅርቦ አጠገባቸው ይቀመጥ።

የጠፋውን ብቻ እንዳንሰበስብም እሰጋለሁ። በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ ድንጋይ ተሸክመው እርከን የሠሩት እኮ እነዚሁ አያቶች ናቸው። ከከብት ተከልለው ዳግም ያቆጠቆጡ ተዳፋቶችም አሉ። ልጆቹ በየቀኑ የሚረግጡትን እርከን ታሪክ ከሠሪው አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ቅጂው በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ይቀመጣል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ አይወጣም። ስልክ የሌላችሁ ለክፍል ኃላፊው መምህር ንገሩ፤ እናውሳችኋለን። የሙቀጫው ድምፅ ንግግሩን ስለሚውጠው ቀረጻው ከአቦል በኋላ ቢጀመር ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ