ወንዙን ሳይለኩ መመረቅ

ለአዘጋጁ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሐምሌ ነው፤ አዌቱ ደፍርሶ መሀል ጅማን ሰንጥቆ ያልፋል። ድልድዩ ላይ ቆሜ ባየሁት ቁጥር የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ፤ በዚህች ሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እያለፈ እንደሆነ የሚለካ ሰው አጠገቤ አላይም።

እኔ ራሴ በሃይድሮሊክስና የውሃ ሀብት ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት ወንዝ ውስጥ እግሬን ሳላስገባ ነው። የት እንደተማርኩ አላነሳም፤ ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ለቴሲስ ከተሰጠኝ ጊዜ ግማሹ ያለቀው የትብብር ደብዳቤ ይዤ የፍሰትና የዝናብ ዳታ ፍለጋ አዲስ አበባ ስመላለስ ነው። በመጨረሻ ያገኘሁት ፋይል ሙሉ ክረምት ባዶ የሆነባቸው ዓመታት ነበሩበት። ባዶውን ከጎረቤት ጣቢያዎች ሞላሁት፣ ከዝናቡ ተነስቶ የወንዝ ፍሰት በሚያሰላው ስዋት በሚባል የኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ አስገባሁት፣ ካሊብሬሽኑ (የሞዴሉን ውጤት ከተለካው ፍሰት ጋር ማስማማቱ) አማረልኝ፣ ተመረቅሁ።

ሥራ እንደያዝኩ ከጅማ ብዙም በማይርቅ ገጠር ለአንድ ትንሽ ድልድይ የጎርፍ መጠን እንዳወጣ ተላክሁ። ወንዙ መለኪያ ተተክሎበት አያውቅም። ከሞዴሌ ያገኘሁትን ቁጥር ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እስከየት እንደሞላ ላሳይህ?» አሉኝ። ወደ አንድ ዋንዛ ወሰዱኝ። ከደረቴ ከፍ ብሎ የግንዱ ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ጭቃና የሣር ቁርጥራጭ ተሰክቷል። ከፍታውን፣ የወንዙን ስፋትና ተዳፋቱን ለክቼ ከወንዝ ቅርጽና ተዳፋት ፍሰት በሚያወጣው የማኒንግ ቀመር ሳሰላው ጎርፉ ኮምፒውተሬ ከሰጠኝ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ድልድዩ በእኔ ቁጥር ተሠርቶ ቢሆንስ? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሞዴልን መናቄ አይደለም። ሞዴል የሚያውቀው ግን የተለካውን ነው። ወንዝ ዳር ጠዋትና ማታ የሚነበበው የውሃው ከፍታ እንጂ ፍሰቱ አይደለም። ከፍታውን ወደ ፍሰት የምንለውጥበት ሬቲንግ ከርቭ የሚሠራው፣ ሰው ወንዙ ውስጥ ገብቶ ወይም ከድልድይ ላይ የፍጥነት መለኪያ አውርዶ ፍጥነቱን፣ ጥልቀቱንና ስፋቱን ሲለካ ነው። ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደፍሮ የሚለካው ውሃው ከጉልበት ሳያልፍ ነው፤ ትልቁ ሙላት ሲመጣ፣ ያውም በሌሊት፣ ማንም አይኖርም። እናም የከርቩ የላይኛው ጫፍ፣ ድልድይ የሚጥለው ጎርፍ ያለበት ክፍል፣ በግምት የተሳበ መስመር ነው። የወንዙ ወለል በደለል ሲቀየር ደግሞ አሮጌው ከርቭ ከነጭራሹ ያሳስታል።

ደለልን ካነሳሁ አይቀር፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባለ 184 ሜጋ ዋቱ የግልገል ጊቤ አንድ የኃይል ማመንጫ ግድብ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ከእሱ የሚወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ የጊቤ ሁለትን 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። አንዱ ሐይቅ በደለል ሲጠብ ሁለት ጣቢያ ይጎዳል ማለት ነው። ወደዚያ ሐይቅ የሚገባውን አፈር ለማወቅ መነሻው ድፍርስ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ አጣርቶ፣ አድርቆ መመዘን ነው። ይህ ከማስተርስ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተ ትምህርት የታወቀ ነው፤ ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ሕዝብ መሀል ማሰማራት ለእሱ አዲስ አይደለም። የምጠይቀውም በዚያው መንፈስ ነው። በዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ በኪቶ ፉርዲሳ የሚማር እያንዳንዱ የማስተርስ ባች አንድ ክረምት አዌቱን ይለካ። በተራ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ገመድ ታጥቆ፣ ከድልድይ ላይ ሆኖ። ሥራው ማርክ ይያዝለት፤ ማርክ የሌለው ነገር እንደማይሠራ ሁላችንም ተማሪ ሆነን አይተነዋል። መዝገቡ ተማሪው ሲመረቅ አብሮት የሚጠፋ ፍላሽ ላይ ሳይሆን ትምህርት ክፍሉ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ባች ከርቩን ካቆመበት ይረከበው። ደብዳቤ ይዞ አዲስ አበባ የሚመላለስ ተማሪ ያን ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ወንዝ ዳታ ደጁ ላይ ያገኛል።

ፈቃደኛ መምህር ከተገኘ ቅዳሜና እሁድ እኔም ድልድዩ ላይ እገኛለሁ። የራሴ ሜትርና ቦት ጫማ አለኝ።

አንድ የውሃ መሐንዲስ
ከጅማ